«ብቻዬን ዞርኩት» የሚሉ መጻሕፍትና የቦዲቲ መንገድ

ቦዲቲ ላይ ፈረንጅ ሞተረኛ ማየት ብርቅ ነገር አይደለም። ከሻሸመኔ ተነስቶ፣ ሀላባ ቁሊቶን አቋርጦ፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው አውራ ጎዳና ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ አፍሪካን ከላይ እስከ ታች በሞተር ብስክሌት አካልላለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ደቡብን ማየት ካሰኘው በደጃችን ማለፉ አይቀርም። ያልፋል ነው ያልኩት እንጂ ይቆማል አልወጣኝም። ሶዶ ለመድረስ የሚቀረው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ነዳጁንም፣ ምሳውንም፣ አልጋውንም የሚያስበው እዚያ ነው። ከቦዲቲ ይዞት የሚሄደው ነገር ቢኖር የልጆች ጩኸት ነው። «ፈረንጅ! ፈረንጅ!»፣ «ዩ! ዩ!»፣ የታሸገ ውሃ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ባዶ ላስቲኩን ለመለመን «ሃይላንድ! ሃይላንድ!»። በልጅነቴ ከጯሂዎቹ አንዱ ስለነበርኩ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ግን አንዱ ቆመ። ወዶ ሳይሆን የኋላ ጎማው ተንፍሶበት ነበር የቆመው። ያን ጊዜ ገና አዲስ የተቀጠርኩ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩና ጎሚስታው ልጅ ልኮ አስጠራኝ። «ቲቸር፣ እስቲ ይምጡ፤ ሰውየው የሚለውን ይንገሩን» አለኝ። ሰውየው ኖርዌያዊ ነበር። የአገሩ የመጨረሻ ሰሜናዊ ጫፍ ከሚባለው ከኖርድካፕ ተነስቶ ብቻውን ኬፕ ታውን ድረስ ለመድረስ ያሰበ፣ ፂሙ በአቧራ የቀላ ጎልማሳ። ጎሚስታው ከመነዳሪውን አውጥቶ በውሃ ገንዳ ውስጥ እያገላበጠ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ ማስቲሹን ቀብቶ እስኪደርቅ ሲጠብቅ፣ ከሰባ የማያንስ ሰው ከበበን። ሰውየው ወዲያና ወዲህ ተቁነጠነጠ። ቁጣ በሌለበት፣ ደክሞት በነበረ ድምፅ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «እዚህ አገር ሰው ብቻውን መሆን ሲፈልግ የት ይሄዳል?» ጥያቄውን ለጎሚስታው ተረጎምኩለት። ጎሚስታው ፖምፓውን ይዞ ቀና አለና «ምን አጥፍቶ ነው ብቻውን የሚሆነው?» አለኝ።

ይህን መልስ ወደ እንግሊዝኛ አልመለስኩትም። እንዴት እንደሚመለስም አላወቅሁም ነበር። ሰውየው ሲሄድ ሳንቲም ስላልነበረው፣ እኔም ስለማልቀበል፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ሰጠኝ። ያ መጽሐፍ ይኸው እስከ ዛሬ ከመደርደሪያዬ አለ። ከዚያ ወዲህ የዚህን ዓይነት መጻሕፍት ከሶዶም ከአዲስ አበባም አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየለቀምኩ አንብቤያለሁ። አሁን ስለ እነርሱ የምጽፈው የጎሚስታው ጥያቄ ተገቢ የሂስ ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት ነው።

* * *

የተሰጠኝ መጽሐፍ የቴድ ሳይመን «የጁፒተር ጉዞዎች» ነው። በሞተር ብስክሌት ጉዞ ሥነ ጽሑፍ ይህን መጽሐፍ የሚያህል ተደማጭነት ያለው ሥራ ያለ አይመስለኝም። ሳይመን በ1931 እ.ኤ.አ. ጀርመን ተወልዶ ለንደን ያደገ ጋዜጠኛ ነው። መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. (ኦክቶበር 6 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.) በሰንዴይ ታይምስ ጋዜጣ ድጋፍ፣ 500 ሲሲ በሆነች ትራያምፍ ሞተር ከለንደን ወጣ። በዚያው ዕለት በግብፅና በሶርያ በአንድ ወገን፣ በእስራኤል በሌላ ወገን ጦርነት ፈነዳ። አራት ዓመት ፈጅቶ፣ 45 አገሮችን አቋርጦ፣ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ተመለሰ። መጽሐፉም በ1979 እ.ኤ.አ. ታተመ። «ጁፒተር» የሚለው ስም የወጣለት ሕንድ አገር ውስጥ ዕጣ ፈንታውን ያነበበለት ሰው «አንተ ጁፒተር ነህ» ስላለው ነው።

የመጽሐፉን ደግነት መካድ ነውር ይሆንብኛል። ሳይመን ሞተር መንዳት የተማረው ከመነሳቱ ጥቂት ጊዜ ቀደም ብሎ ነበርና የጀግና ታሪክ አይነግረንም። ይወድቃል፤ ይፈራል፤ ዕቃ ይጠፋበታል፤ ብራዚል ውስጥ በስለላ ተጠርጥሮ ይታሰራል፤ መፍራቱንም አይሸሽግም። ደግሞም አንድ ትልቅ ነገር ገብቶታል። መንገደኛ ዕቅዱ ተሰናክሎ፣ ሞተሩ ተበላሽቶ፣ መለዋወጫ እስኪመጣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የሚቀመጥበት ጊዜ ከጉዞው የተቀነሰ ሳይሆን ራሱ ጉዞው እንደሆነ ተገንዝቧል። ይህን ያልተገነዘቡ፣ ከነዳጅ ማደያ ወደ ነዳጅ ማደያ እየቆጠሩ የሚጽፉ ተከታዮቹ ብዙ ናቸው።

ሞተርን ለጸሐፊ የሚያስመርጠውም ይኸው ይመስለኛል። መኪና መስተዋት አለው፤ በመስተዋቱ ውስጥ አገር እንደ ሲኒማ ያልፋል። ሞተረኛ ግን ዝናቡን ይመታል፤ የእንሰት ጓሮ ሽታ ያገኘዋል፤ የደሞት ተራራ ብርድ በክርኑ ይገባል። ሲቆምም ከሰው ፊት ለፊት ነው። እንግዲህ ለመጻፍ የተመቸ መንገደኛ ነው ማለት ነው።

ሳይመን ኢትዮጵያ የገባው ከሱዳን በመተማ በኩል ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ አድርጎ ወደ ሞያሌ ወረደ። ጊዜው የየካቲት 1966ቱ አብዮት ዋዜማ ነበር። እርሱ ለንደንን በለቀቀ በ12ኛው ቀን፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ እወዳለሁ። አገሪቱ አንድ ዘመን ሊያልፍባት ሌላ ሊገባባት በተቃረበችበት በዚያ ወቅት አንድ የሠለጠነ ጋዜጠኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጧታል። ይሁንና በዚህ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ውስጥ የእኛ ድርሻ ጥቂት ገጾች ናቸው። በዚህ አልወቅሰውም። ከአንድ ሰው መንገድ ላይ ሆኖ የሚያየው የመንገድ ዳር ነው፤ በሩ ተዘግቶ በጓዳ የሚወራውን ሊሰማ አይችልም። የምወቅሰው ዘውጉን ነው። መንገደኛው በቀን 300 ኪሎ ሜትር ሄዶ ማታ ማስታወሻ ሲጽፍ ያላየውን አገር ሁሉ ያየ እንዲመስለው የሚፈቅድለት ዘውግ ነውና።

* * *

ለመሆኑ ይህ ዘውግ ከየት መጣ? ምንስ ይፈልጋል? ይህን ለመረዳት ያ ኖርዌያዊ ወደተነሳበት አገር መሄድ ያስፈልጋል።

ኖርድካፕ 71 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ከባሕር ወለል 307 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ገደል ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ ፀሐይ አትጠልቅበትም። የአውሮፓ ሞተረኞች እዚያ መድረስን እንደ ስለት ያዩታል፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሴቲቱ ከዋናው ምድር ጋር የተገናኘችው ከባሕር በታች በሚያልፍ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ነው። አካባቢው ፊንማርክ ይባላል። ስፋቱ ከ48,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን የሚኖርበት ሕዝብ 75,000 ገደማ ነው። እዚያ ሰው ለረጅም ሰዓት ቢነዳ የሚያገኘው አጋዘን፣ ድንጋይና ውሃ ነው። ኖርዌይ፣ ስዊድንና ፊንላንድ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ዜጎቻቸው ያለ ፓስፖርት እንዲዘዋወሩ ስለተስማሙ ድንበሩ ላይ የሚያገኘው የአገር ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ብቻ ነው። «ከየት መጣህ? ወዴት ነህ?» የሚለው የለም።

እንዲህ ያለ አገር ውስጥ «ብቻዬን ተጓዝኩ» የሚለው ቃል ትርጉም አለው። ሰውየው ከሰው ተለይቶ ከፍጥረት ጋር ይገናኛል፤ ራሱን ያዳምጣል፤ ያሰበውን ይጽፋል። ከሰሜኑ ወገን የወጡት ሞተረኞች ብዙዎቹ ይህን ስሜት ይዘው ነው ዓለምን የዞሩት። ኖርዌያዊው ሄልገ ፔደርሰን ከ1982 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. 77 አገሮችን በቢኤምደብልዩ ሞተር ዞሮ «አሥር ዓመት በሁለት ጎማ» የሚል የፎቶግራፍና የጽሑፍ መጽሐፍ አሳትሟል። እንግዲህ ዘውጉ ያደገው በባዶ አገር አምሳል ነው። ገጾቹን የሚሞላው የመልክዓ ምድር ስፋትና የአንድ ሰው ልብ ነው።

አሁን ይህን ሰው ከፊንማርክ አንስታችሁ ወላይታ አምጡት። ወላይታ 4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የፊንማርክ አንድ አሥረኛ እንኳ አትሞላም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የተገኘባት ሰው ግን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በእግሩ የሄደ ሰው ከቤት ደጅ ሳይርቅ፣ ከእንሰት ጓሮ ወደ ስኳር ድንች ማሳ፣ ከማሳ ወደ ገበያ እያለ ይደርሳል። ሰላምታ ሳይሰጥና ሳይቀበል የሚያልፋት መቶ ሜትር የለችም። «ሳሮ! ሳሮ!» ሲል መዋሉ ነው። እዚህ ማንም ሰው ሞተሩን አቁሞ ዛፍ ሥር ቢቀመጥ፣ «ታሞ ይሆን? ጠፍቶ ይሆን?» ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ሰውየው መከበብ የሚለው ነገር በእኛ ዘንድ አለመተው ነው።

ስለ ኢትዮጵያ በሚጻፉ የሞተር ጉዞ መጻሕፍት ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣው እሮሮ መነሻው እዚህ ይመስለኛል። «አንድ ደቂቃ ፋታ አጣሁ፤ በቆምኩበት ሁሉ ከበቡኝ፤ ልጆች ጮሁብኝ፤ ድንጋይ ወረወሩብኝ።» ድንጋይ መወርወሩ እውነት ነው፤ ነውርም ነው፤ አላስተባብልም። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ የሰውን ብዛት የአገሩ ጉድለት አድርገው ሲያቀርቡት፣ ዘውጋቸው ባዶ አገር ለምዶ የሰው አገር ሲደርስ መላ እንደጠፋው አይታያቸውም። ሳይመን ራሱ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ 70 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በዱሮው መንገድ ዳግመኛ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛው መጽሐፉ በ2007 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዓለም ጠብቦ፣ ሰው በዝቶ፣ የዱሮው መንገድ ጠፍቶ ሲያገኘው ያዝናል። የእኛ ሕዝብ ቁጥር በእነዚያ ዓመታት ከእጥፍ በላይ ማደጉ አይካድም። ይሁንና ያ ጭማሪ ለእርሱ መንገድ የሚዘጋ ሕዝብ ነው፤ ለእኔ ግን ከጭማሪው መካከል የክፍሌ ተማሪዎች አሉበት።

* * *

በሌላ መንገድ የተጓዙና በሌላ መንገድ የጻፉ የሉም እንዳይባል ሁለት ምሳሌ ላንሳ።

የመጀመሪያዋ አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ ናት። እርሷም ብቸኛ መንገደኛ ናት፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የሄደች። በ1966 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ምፅዋ ላይ ወርዳ፣ ከትግራይ ጀምሮ በቅሎ እየነዳች፣ በአክሱም፣ በስሜን፣ በጎንደርና በላሊበላ አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። በቅሎዋን ጆክ ትለዋለች። «ኢትዮጵያ ውስጥ ከበቅሎ ጋር» የሚለው መጽሐፏ በ1968 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መርፊም ትሳሳታለች፤ አንዳንዱ ፍርዷ የችኮላ ነው። ነገር ግን በቅሎ ሳር ይፈልጋል፤ ይደክማል፤ ጭነቱ ይራገፋል። ስለዚህ ሲመሽ የሰው ቤት መግባት ግድ ይሆንባታል። በቁንጫ ተበልታ አድራ ጠዋት ላይ የምትጽፈው፣ ትናንት ማታ እሳቱን ያቀጣጠለችላትን ሴት ነው። ተዘርፋለችም፤ ዘራፊዎቿ ግን በገጾቿ ላይ ፊት ያላቸው ሰዎች ናቸው። የመንገደኛ ፍጥነት የዓረፍተ ነገሩን ጥራት ይወስናል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ ብቻውን ያልመጣ ነው። ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ወላይታ ሲዘምቱ አብሮ ዘምቶ፣ በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ካዎ ጦና ድል የሆኑበትን ያን ዘመቻ፣ እልቂቱንና ምርኮውን፣ በዐይኑ እንዳየው ጽፏል፤ ፎቶግራፍም አንስቷል። ወላይታ በጉዞ መጽሐፍ ገጽ ላይ የታየችው እንግዲህ ከጦር ጋር በመጣ ሰው ዐይን ነበር። የዚያ ዘመን ወላይታ ወደ መንገደኛው መልሶ ሲያይ ምን አየ? የዚህ መልስ በሽማግሌዎች አፍና በዘፈን አለ እንጂ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የለም። የመንገድ ዳር እሸት ያለፈ ሁሉ ይቀጥፈዋል ይባላል። እኛም በዚህ ዘውግ ውስጥ እስከ ዛሬ የመንገድ ዳር እሸት ነን።

ታዲያ እኛ አንሄድም? እንሄዳለን እንጂ! የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቦ አገር ላገር ዞሯል፤ የሲራራ ነጋዴው በረሃ አቋርጧል፤ ተሳላሚው ኢየሩሳሌም ወርዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው መጥተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈውልናል። ከወላይታም ቢሆን ስንቱ ሸንኮራ ለመቁረጥ ወንጂና መተሐራ ወርዷል! ስንቱ ልጅ የሊስትሮ ሣጥኑን ተሸክሞ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አውቋታል! የጎደለን መሄድ ሳይሆን መጻፍ ነው። በተለይም ድሃ መንገደኛ የሚጽፍበት ልማድ የለንም። ኅሩይ የሄዱት የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ነው፤ የሚጠብቃቸውም የቤተ መንግሥት ግብዣ ነበር።

* * *

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ዛሬ በቦዲቲ ሞተር የፈረንጅ መሆኑ ቀርቷል። ከገጠር ቀበሌ ወደ ገበያ ሰው የሚያመላልሱ፣ ከኋላ ሁለት ጭነው በተራራው ጥርጊያ የሚወጡ የእኛ ወጣቶች ሞተር መንዳትን እንጀራቸው ካደረጉ ቆይተዋል። ያ ጎሚስታ አርጅቷል፤ አሁን የሚለጥፈው የእነርሱን ጎማ ነው። ከእነርሱ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ስሙን ይቆየን። ከእለታት አንድ ቀን ሞተሩን ሸጠ፤ አባቱም በሬ ጨመሩለት፤ ገንዘቡን ለደላላ ሰጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀመረ። በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አድርጎ ጆሃንስበርግ ገባ። ካርታ ላይ ጣታችሁን ብታስኬዱ ያ ኖርዌያዊ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ ያሳየኝን መስመር ታገኙታላችሁ። መንገዱ አንድ ነው፤ የሁለቱም መድረሻ የአህጉሩ ጫፍ ነው።

ልዩነቱን ልናገር። የኬንያው የሞያሌ–ማርሳቢት መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ብዙ ሞተረኞች ኮረኮንቹንና ሽፍታውን ፈርተው በእኛ በኩል፣ በሶዶ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርገው ወደ ኦሞራቴ ይወርዱ ነበር፤ ከዚያም በቱርካና ሐይቅ ዳር ኬንያ ይገባሉ። ኦሞራቴ ላይ የእኛ ሰዎች የመውጫ ማኅተም ይመቱላቸዋል። በወዲያኛው በኩል ግን ለብዙ ዓመታት የመግቢያ ማኅተም የሚመታ መሥሪያ ቤት ስላልነበረ፣ ናይሮቢ እስኪደርሱ ለቀናት ያለ ማኅተም ይጓዙ ነበር። ይህን በማስታወሻቸው ላይ በኩራት ይጽፉታል። ከጀብዱው የሚቆጠር ነዋ! የእኔ ተማሪ ያንኑ ኬንያ ያለ ማኅተም ሲያቋርጥ ስሙ «ሕገ ወጥ» ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሰሜን ማላዊ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሉሳካ ዳርቻ ላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብለው የታመኑ 27 አስከሬኖች ተጥለው ተገኙ። እነዚህም በዚያው በኖርድካፕና በኬፕ ታውን መስመር ላይ የነበሩ መንገደኞች ናቸው። ስለ መስመሩ የተጻፉት መጻሕፍት ግን አያውቋቸውም።

ተማሪዬ ከዓመታት በኋላ ለጊፋታ በዓል ቦዲቲ መጣ። ጄፒ በሚሉት የጆሃንስበርግ ሰፈር ከአበሻ ጅምላ ሻጮች ዕቃ እየወሰደ፣ «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች መንደር ቤት ለቤት እያዞረ ሸጦ ነው ያለፈለት። ሦስት ምሽት ቤቴ ተቀምጦ ጉዞውን አጫወተኝ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ የጉዞ ታሪክ አላነበብኩም። በበቆሎ ጆንያ ሥር ተጋድመው ስላሳለፉት ሌሊት፣ ስማቸውን ሳይጠይቁ ገንፎ ስላበሏቸው አሮጊት፣ ከደላላ ወደ ደላላ እንደ ዕቃ ተቆጥረው ስለተሰጡበት ጎህ፣ እስር ቤት ውስጥ ወላይትኛ የሚችል ሌላ ሰው ድምፅ ሰምቶ ስላለቀሰበት ቀን ነገረኝ።

እንደ አንባቢ የገረመኝ ግን አነጋገሩ ነው። በሦስቱም ምሽቶች «እኔ» የሚለውን ቃል ፈልጌ አጣሁበት። «ሄድን፣ ተደበቅን፣ ጠማን፣ ተያዝን» ነው የሚለው። የሳይመንና የባልንጀሮቹ መጻሕፍት ዓረፍተ ነገር በ«እኔ» ይጀምራል፤ የነዳጅ ቀጂው፣ የጎሚስታው፣ የአስተርጓሚው ድካም ሁሉ በ«እኔ» ውስጥ ይሰምጣል። ቦዲቲ ላይ ጎማው የተለጠፈለት ሰው ኬፕ ታውን ሲደርስ «ብቻዬን» ይላል። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይላል የአገራችን ሰው። በተማሪዬ አንደበት ግን ያጎረሰውም፣ አብሮት የሞተውም አልተረሱም፤ ግሱ ራሱ ይዟቸዋል።

«ብቻህን የሆንክበት ጊዜ የለም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አለ። ጫካ ውስጥ ተበታትነን ሁለት ሌሊት።»

«እስቲ እሱን ንገረኝ።»

ዝም አለና «ቲቸር፣ እሷን ይተዋት» አለኝ።

ይህን ስሰማ የጎሚስታው ጥያቄ ትዝ አለኝ። ለአንዱ መንገደኛ ብቸኝነት አራት ዓመት ሙሉ ፍለጋ የሚወጣለት ሀብት ነው። ለሌላው ሊናገረው የማይችለው ሁለት ሌሊት ነው። ከብቸኝነት ወዶ መግባትና ሲበቃ መውጣት የሚቻለው ኪስ ውስጥ ፓስፖርት ሲኖር ነው። «ብቻዬን» የሚለውን ቃል እንደ ጌጥ የሚያጠልቁ መጻሕፍት ይህን የጌጡን ዋጋ አንድም ቦታ አልጻፉትም። የዘውጉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው እላለሁ።

* * *

አንድ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል። «አንዱ ለደስታው፣ ሌላው ለእንጀራው የሄደበትን ጉዞ ምን አገናኛቸው? ሥነ ጽሑፍን በስደት ሚዛን መመዘን ፍትሕ ነው ወይ?» ይለኝ ይሆናል። ክርክሩ ክብደት አለው። ሳይመን ስለ እኛ ስደተኞች ያልጻፈው በ1966 ዓ.ም. የእኛ ወጣት በዚያ መስመር ስላልጎረፈ ነው፤ በዚህ ሊከሰስ አይገባውም። ሰው ለደስታው መጓዙም ኃጢአት አይደለም። እንዲያውም እኔ የምመኘው የቦዲቲ ልጅ ሞተሩን ሳይሸጥ፣ በሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ለማየት ብቻ ኖርድካፕ ድረስ ሄዶ ፀሐይ የማትጠልቅበትን ሌሊት አይቶ እንዲመለስና «ቲቸር፣ አንድ ሰው አጣሁ፤ የሚያነጋግረኝ አጋዘን ብቻ ነበር» ብሎ እንዲስቅ ነው። ያን ቀን ዘውጉ ሙሉ ይሆናል።

እስከዚያው ግን ፍርዴ ይህ ነው። የሳይመን መጽሐፍ ይነበብ፤ የመርፊም ይነበብ፤ ወደ አማርኛ ቢመለሱም ደስ ይለኛል። ከእነርሱ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ቀኑን ሳያሳልፉ ማስታወሻ መያዝን፣ የራስን ፍርሃት አለመሸሸግን፣ የተበላሸ ቀንን እንደ ሙሉ ቀን መቁጠርን እንማራለን። የማንማረው ነገር ቢኖር በመንገድ ዳር የቆመውን ሰው እንደ ወሰን ድንጋይ ቆጥሮ ማለፍን ነው።

ለአሳታሚዎቻችንና ለዚህ መጽሔት አንባቢያንም አንድ አቤቱታ አለኝ። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሶዶ፣ ከቦዲቲ ተነስተው የአፍሪካን ጫፍ የረገጡ ወጣቶች አሁን በየቤቱ አሉ። አንዳንዶቹ ለበዓል መጥተው በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳሉ። ታሪካቸውን በዓል ሳያልፍ ቁጭ ብሎ የሚሰማና የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። እነርሱ «ማን ያነበዋል?» ይላሉ። ተማሪዬም ያለኝ ይህንኑ ነው። እኔ የእርሱን ሦስት ምሽቶች፣ «እኛ»ውን ወደ «እኔ» ሳልለውጥ፣ በደብተር መገልበጥ ጀምሬያለሁ። ስለ ጫካው ሁለት ሌሊት የሚሆን ቦታ ክፍት ትቼለታለሁ፤ ሊሞላው ከፈለገ ራሱ ይሞላዋል፤ ካልፈለገም እንዲሁ ክፍት ሆኖ ይታተማል።